የዶለዶመ ፑንታና የካርቦን ፋይበር ቀዳዳ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የማሽን ሾፕ ባለሙያዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ የካርቦን ፋይበር ኮምፖዚት (በሙጫ የተያያዙ የካርቦን ክሮች ንብርብር) ሲበሳ ፑንታ፣ ማለትም የመብሻው ስለት፣ ቶሎ ያልቃል የሚለው ሥጋት የተጋነነ ነው ይልና ስድስት ነገሮችን ያስረዳል። ዕቃው በመሠረቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ለብረት የምንጠቀምበት ተራ ፑንታ ይበቃዋል፤ ፑንታን የሚበላው ሙቀት ስለሆነ መፍትሔው ማቀዝቀዝ ነው፤ ቀስ ብሎ መብሳት ፑንታን ያቆያል፤ ፑንታው እስከበሳ ድረስ አልዶለዶመም፣ ከከበደም ትራፓኖውን (የመብሻ ማሽኑን) ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ወርቃማ ቅብ ያለው ፑንታ ከተገዛ ችግሩ ከነጭራሹ ይወገዳል፤ ብናኙም ከእንጨት ብናኝ የተለየ ጥንቃቄ አይፈልግም። ጸሐፊው በአማርኛ እምብዛም ያልተጻፈበትን ጉዳይ ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ከሚበሳው ሰሌዳ ሥር እንጨት መደገፍ ይገባል ማለታቸውም ትክክል ነው። የቀሩት ነጥቦች ግን አንዳንዶቹ በከፊል፣ አንዳንዶቹም ሙሉ በሙሉ የተሳሳቱ ስለሆኑና ተማሪዎች እንደ መመሪያ እየያዟቸው ስለመጡ ምላሽ መስጠት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጉዳዩ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ብቻ ነው የሚል ካለ አካባቢውን ይመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 የአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ይህንኑ መልኳን አጠናክሮታል። በዘመናዊ የሽመና ማሽኖች ላይ ድሩን የሚያነሱና የሚያወርዱ ፍሬሞች፣ ማጉንም ከዳር እስከ ዳር የሚያደርሱ ተጣጣፊ ቀበቶዎች ከካርቦን ፋይበር ጋር ተጣምረው መሠራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከዚህ በተጨማሪ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን በመሰሉ ተቋማት የሚማሩ ወጣቶች ለመመረቂያ ሥራቸው የካርቦን ሰሌዳና ቱቦ ይዘው ወደ ማሽን ሾፕ መምጣታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሌዳው ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበላሸም እንደ ብረት በብየዳ አይደፈንም።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ኮምፖዚት ፕላስቲክ ነው ማለት የዕቃውን ግማሽ እንኳ አይገልጽም። ጥራት ባለው የካርቦን ሰሌዳ ውስጥ ከይዘቱ 60 በመቶ ያህሉ ፋይበር ሲሆን የቀረው ፋይበሮቹን አንድ ላይ የሚይዝ የኢፖክሲ ሙጫ ነው። እያንዳንዱ ፋይበር ከ5 እስከ 8 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ብቻ ውፍረት አለው። ፋይበሩን 7 ማይክሮሜትር ብለን ብናሰላ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ቁራጭ ውስጥ ከ15,000 በላይ ፋይበሮች እናገኛለን። የተለመደው ዓይነት ፋይበር እስኪበጠስ የሚሸከመው ውጥረት 3,500 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ተራ ብረት ግን 400 አካባቢ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ የፑንታው ጠርዝ የሚታገለው ከሙጫው ጋር ሳይሆን በየቅጽበቱ ከሚገጥሙት እጅግ ብዙ ጠንካራ ፋይበሮች ጋር ነው።

የሚቆረጥበት መንገድም ፈጽሞ የተለየ ነው። ብረት ሲበሳ ከጠርዙ ፊት እንደ ሊጥ ተለጥጦና ተጠምዝዞ በመላጫ (በብረት ፍቅፋቂ) መልክ ይወጣል፤ መላጫውም አብዛኛውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የካርቦን ፋይበር ግን አይለጠጥም፤ ይሰበራል፤ የሚወጣውም መላጫ ሳይሆን ጥቁር ዱቄት ነው። የተሰበረው ፋይበር ጫፍ ጠርዙ ካለፈ በኋላ መልሶ ስለሚነሳ የጠርዙን ጀርባ ይፈገፍገዋል፤ የተፈጨው ዱቄትም በፑንታውና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል ገብቶ እንደ መሞረጃ ይሠራል። ለዚህ ዓይነት ፍግፈጋ ተራው የኤችኤስኤስ (ለመቁረጫ የሚሠራ ጠንካራ ብረት) ፑንታ በጣም ደካማ ነው። ጠጣርነቱ በቪከርስ መለኪያ ከ800 እስከ 900 አካባቢ ሲሆን ካርባይድ የሚባለው ጠጣር የፑንታ ዕቃ ከ1,500 በላይ ነው። ካርባይድም ቢሆን አይድንም፤ የተንግስተን ካርባይድ ቅንጣቶችን አጣብቆ የያዘው ኮባልት ለስላሳ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይሟጠጣል፤ ቅንጣቶቹም መያዣ ሲያጡ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ጸሐፊው ተራ ፑንታ ለጥቂት ቀዳዳ ይበቃል ብለው ቢሆን ኖሮ ባልተቃወምኳቸው ነበር፤ በሚገባ የተሳለ የኤችኤስኤስ ፑንታ የመጀመሪያዎቹን ቀዳዳዎች ንጹህ አድርጎ ሊያወጣ ይችላልና። እሳቸው የጻፉት ግን ፑንታው ብረት ሲበሳ ከሚያልቀው ያነሰ ያልቃል ብለው ነው፤ እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ሙቀት ነው። ሙቀት የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ፑንታውን የሚበላው እሱ ነው የሚለው መደምደሚያ በቀላል ሒሳብ ይፈርሳል። የኤችኤስኤስ ብረት ጠጣርነቱን እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድረስ ይዞ ይቆያል። የኢፖክሲ ሙጫ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ120 እስከ 200 ዲግሪ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራል። ፑንታውን የሚያለሰልስ ሙቀት ቢፈጠር ኖሮ ሙጫው ከዚያ አስቀድሞ ተቃጥሎ ቀዳዳው ሁሉ በጨሰ ነበር። ፑንታው የሚዶለዶመው ምንም ጭስ ሳይታይ መሆኑ ብቻ ጠላቱ ፍግፈጋ እንጂ ሙቀት አለመሆኑን ያሳያል። እንዲያውም ግንኙነቱን መገልበጥ ይሻላል፤ የዶለዶመው ጠርዝ ከመቁረጥ ይልቅ ስለሚፋተግ ሙቀቱን የሚያመጣው እሱ ነው፤ በዚህም የሚጎዳው በቅድሚያ ሙጫው ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ጽሑፉ የደሴ ብርድ ራሱ በቂ ማቀዝቀዣ ነው የሚል ሐሳብ ይዟል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ በመሆኗ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቀዳዳው ውስጥ ደግሞ በውጭው ብርድ አይነካም። በዘይትና በውሃ ድብልቅ ማቀዝቀዝንም ብዙ ባለሙያዎች ለዚህ ዕቃ አይመርጡትም፤ ኢፖክሲ እርጥበት ይስባል፤ ዱቄቱም ከፈሳሹ ጋር ሲገናኝ የማሽኑን ተንሸራታች ክፍሎች የሚበላ ጭቃ ይሆናል። በአብዛኛው የሚሠራው በደረቁ፣ ዱቄቱን ከሥር ከሥሩ በቫኪዩም እየሳቡ ነው።

ቀስ ብሎ መብሳት ፑንታን ያቆያል የሚለው ሦስተኛ ነጥብ ለብረት ሠራተኛ እውነት ይመስለዋል። በቁጥር እንየው። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ሰሌዳ በ6 ሚሊሜትር ፑንታ ይበሳ እንበል። ፑንታው በአንድ ዙር 0.05 ሚሊሜትር የሚገባ ከሆነ ሰሌዳውን ለማለፍ 120 ዙር ይፈጅበታል። የጠርዙ ውጫዊ ጫፍ በእያንዳንዱ ዙር 18.8 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ በአንድ ቀዳዳ ብቻ 2.26 ሜትር ያህል በፋይበር ላይ ይፋተጋል። ሠራተኛው ፑንታውን ላቆየው ብሎ አገባቡን በዙር ወደ 0.01 ሚሊሜትር ቢያወርደው ግን ዙሩ 600 ይሆንና ጉዞው ከ11 ሜትር ያልፋል። ያው ቀዳዳ፣ ያው ውፍረት፣ አምስት እጥፍ ፍግፈጋ! እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደረጉ ይመስለኛል። የፑንታውን ዙር በደቂቃ መቀነስ በርግጥ ይረዳል፤ የመቁረጫ ፍጥነት ሲያሻቅብ ፑንታ ቶሎ ያልቃልና። በአንድ ዙር የሚገባውን መጠን መቀነስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁሉም የከፋው ፑንታው እየዞረ እጀታውን ይዞ ማመንታት ነው፤ በዚያን ጊዜ ጠርዙ አንድም ፋይበር ሳይቆርጥ ይሞረዳል። እርግጥ አገባቡ ያለ ልክ ሲበዛ የሚጫነው ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ መካከለኛውን ይዞ ሄዶ ሰሌዳው ሊያልቅ ሲል መቀነስ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ እመጣለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ፑንታው እስከበሳ ድረስ አልዶለዶመም፣ ከከበደም ጫን በሉት የሚለው ምክር በካርቦን ሥራ ላይ ሊሰጥ የማይገባው ምክር ነው።

ብረት ስንበሳ ፑንታው መዶልዶሙን በብዙ መንገድ ይነግረናል። ይጮኻል፣ መላጫው ቀለሙ ይለወጣል፣ ጫፉ ይግላል፣ በመጨረሻም አልበሳም ይላል። በካርቦን ሰሌዳ ላይ ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ የሉም። ፋይበሩ ተሰባሪ ስለሆነ የዶለዶመ ጠርዝም ቢሆን እየሰበረና እየገፋ ያልፋል፤ ቀዳዳው ከላይ ሲታይ ክብና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጠርዙም ራሱ ያታልላል። በብዛት ተሸርፎ አይታይም፤ ይልቁንም እንደተወለወለ ሆኖ ይሞልላል፣ ማለትም ስለቱ ጠፍቶ ክብ ይሆናል፤ አንጸባራቂነቱን ያየ ጀማሪም አዲስ ነው ብሎ ያስባል። ማወቂያው ቀላል ነው። ፑንታውን መብራት ሥር ይዞ ጠርዙን ፊት ለፊት ማየት ነው፤ ስለታም ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ የዶለዶመው ግን በጠርዙ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ነጭ መስመር ያሳያል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከመጠን ንጽጽር ነው። የአዲስ ካርባይድ ፑንታ ጠርዝ ሙልለት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ ይህም ከአንድ ፋይበር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ጠርዙ ፋይበሩን ለብቻው ያገኘውና ይቆርጠዋል። ሙልለቱ ወደ 20 ወይም 30 ማይክሮሜትር ሲደርስ ጠርዙ በአንድ ጊዜ ብዙ ፋይበሮች ላይ ይተኛል፤ ፋይበሮቹ ከመቆረጣቸው በፊት ይጎብጣሉ። በዶለዶመ ማጭድ ጤፍ ያጨደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አገዳው ሳይቆረጥ ይተኛና ከሥሩ ይነቀላል። በሰሌዳው ውስጥ የሚነቀለው ግን አንዱን ንብርብር ከሌላው ጋር የያዘው ሙጫ ነው።

ጫን በሉት የሚለው ምክር አደጋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው እያንዳንዳቸው ከ0.125 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ነው። ፑንታው ወደ መውጫው ሲቃረብ ከሥሩ የቀሩት ጥቂት ንብርብሮች ብቻ የሠራተኛውን ግፊት ይሸከማሉ። ሆቼንግና ዳራን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት ንብርብሮቹ ሳይላቀቁ ሊሸከሙት የሚችሉት ከፍተኛ ግፊት ከቀረው ውፍረት 1.5ኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ይህ ማለት የቀረው ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል፤ አራት ንብርብር ቀርቶ የነበረው አንድ ብቻ ሲቀር ደግሞ አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ያሽቆለቁላል። ፑንታው በዶለዶመ ቁጥር የሚፈልገው ግፊት ይጨምራል፤ ወደ መውጫው በቀረበ ቁጥር ሰሌዳው የሚችለው ግፊት ይቀንሳል። ሠራተኛው እጀታውን ጫን የሚያደርገው እነዚህ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ውጤቱ በመውጫው ዙሪያ የተነሳ ፋይበርና የተላቀቀ ንብርብር ነው። የሚታየው ቁራጭ በአሸዋ ወረቀት ቢጠፋም በውስጥ የተላቀቀው እንዳለ ይቀራል። ብሎን ገብቶ ሲጠብቅ፣ ክፍሉም በሥራ ላይ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁ ይሰፋል፤ እርጥበትም መግቢያ ያገኛል። በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ምልልስ በሚያደርግ የሽመና ማሽን ላይ የተገጠመ ክፍል እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካለው የሚሰበርበትን ቀን እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የፑንታን ዕድሜ የምንወስነው ፑንታውን ብቻ አይተን ሳይሆን የቀዳዳውን መውጫ አይተን ነው። ለብረት ሥራ የመቁረጫ ጠርዝ ጀርባ በ0.3 ሚሊሜትር ሲሸረሸር አልቋል የሚለው የተለመደ መለኪያ እዚህ በጣም የዘገየ ነው፤ እዚያ ላይ ከመደረሱ ብዙ አስቀድሞ መውጫው ተበላሽቷል። የሚያዋጣው መለኪያ በመውጫው ዙሪያ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰፊ ዲያሜትር ለቀዳዳው ዲያሜትር ማካፈል ነው። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ሆኖ ጉዳቱ እስከ 7.5 ከተዘረጋ ውጤቱ 1.25 ይሆናል። ተቀባይነት ያለውን ወሰን ሥራው ይወስነዋል፤ ቁጥሩ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማደግ ሲጀምር ግን ፑንታው ይወጣል። በውስጥ የተላቀቀውን ዓይን ስለማያየው፣ ኃላፊነት ያለበት ክፍል ከሆነ በአልትራሳውንድ መፈተሽ ያስፈልገዋል።

ግፊቱን ለመለካትም ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በትራፓኖው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥራውና ከድጋፍ እንጨቱ ሥር የሰዓት ዓይነት ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል፤ 100 ኒውተን ግፊት በሚዛኑ ላይ 10 ኪሎ ገደማ ሆኖ ይነበባል። የላቦራቶሪ ትክክለኛነት የለውም፤ ነገር ግን በአዲሱ ፑንታ የተነበበው ቁጥር በዚያው አገባብ እየጨመረ መሄዱን በግልጽ ያሳያል። ይህን ለተማሪ ማሳየት ጫን በለው ከማለት እጅግ ይሻላል። ከጠቅላላው ግፊት ግማሽ ያህሉን የሚፈጥረው በፑንታው ጫፍ መሃል ላይ ያለው የማይቆርጥ አጭር ጠርዝ ስለሆነ፣ በቅድሚያ ትንሽ ቀዳዳ አውጥቶ በትልቁ መከተልም ግፊቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ጸሐፊው የመከሩትን የድጋፍ እንጨት በተመለከተ አንድ ማሟያ ብቻ አለኝ። እንጨቱ የሚረዳው ፑንታው በሚወጣበት ነጥብ ላይ ያልተበሳ ሆኖ ሰሌዳውን በደንብ ሲነካ ነው። በብዙ ሾፖች እንደሚደረገው ቀድሞ በተበሳ እንጨት ላይ ደጋግሞ መሥራት ያለ እንጨት ከመሥራት አይለይም።

ወርቃማ ቅብ ወዳለው ፑንታ እንለፍ። ያ ቅብ ቲታኒየም ናይትራይድ ይባላል፤ ውፍረቱም ጥቂት ማይክሮሜትር ነው። ለብረት ጠቃሚ ነው፤ መላጫ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። በካርቦን ላይ ግን ሥራው ሁሉ በጠርዙ ላይ ስለሆነ ቅቡ ከጠርዙ ቶሎ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ከሥሩ ያለው ተራ ብረት ነው፤ የፑንታው አካል ግን ወርቃማ ሆኖ ስለሚቆይ ገዢው ገና አዲስ ይመስለዋል። ለካርቦን በርግጥ የሚረዳው የአልማዝ ቅብ ነው። እሱም ወደ 800 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት የሚቀባ ስለሆነ በኤችኤስኤስ ላይ አይሠራም፤ የኮባልት መጠኑ አነስተኛ የሆነ፣ ፊቱ ላይ ያለው ኮባልትም በኬሚካል የተወገደለት ካርባይድ ይፈልጋል። ቅቡ ራሱ ጠርዙን በመጠኑ ያወፍረዋል፤ ሲያልቅም ቀስ በቀስ ሳይሆን እየተላጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከነጭራሹ ይወገዳል የሚባል መፍትሔ ይህም አይደለም፤ መውጫውን መፈተሽ አይቀርም። ጽሑፉ ያላነሳው፣ ለእኛ ሾፖች ግን የሚቀርብ ሌላ ዕቃ አለ። ለሴራሚክ የሚሸጠው፣ አፉ ዙሪያውን የአልማዝ ቅንጣት የተለጠፈበት ባዶ ቱቦ ፑንታ የካርቦን ሰሌዳንም እየሞረደ ይበሳል። ግፊቱን መሃል ላይ ሳያከማች በዙሪያው ስለሚያከፋፍለው ንብርብሩ የሚችለው ግፊት ከፍ ይላል። ጉድለቱ ዱቄትና የተቆረጠው እምብርት ውስጡ መጠቅጠቃቸው ነው፤ በየቀዳዳው ማጽዳት ያስፈልጋል።

የቀረው የብናኙ ነገር ነው፤ አጭር ነው፤ ግን ሊታለፍ አይገባም። የካርቦን ብናኝ ከእንጨት ብናኝ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በተከፈተ ሞተር፣ በብየዳ ማሽን ወይም በኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ መስመር ያገናኛል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉም ማሽን ጎን ለጎን ለሚቆምባቸው ሾፖቻችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቆዳን ያሳክካል፤ ሲተነፈስ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። በኮምፕሬሰር መንፋት ብናኙን አየር ላይ ከመበተን ሌላ ጥቅም የለውም። ጥሩ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም፣ አፍንጫን በትክክል የሚገጥም ማስክና የዓይን መከላከያ ከፑንታው ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው እንደሚያወጡ አስታውቀዋል። ሌላው ሁሉ ለውይይት ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ከከበደ ጫን በሉት የሚለው መስመር ግን ወጥቶ፣ በምትኩ እጅ ላይ ክብደት መሰማት ሲጀምር ፑንታውን አውጥታችሁ ጠርዙንና የመጨረሻውን ቀዳዳ መውጫ እዩ የሚል እንዲገባበት በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።